«ቤታችሁ ሲግናል ያፈሳል» ተብለዋል? ቡስተር ከመግዛትዎ በፊት መጋጠሚያዎቹን ይፈትሹ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ የኬብል ኩባንያው በራችን ላይ ወረቀት ሰቅሎ አገኘሁ። ቤታችሁ ሲግናል እያፈሰሰ ነው፣ ካልተስተካከለ መስመሩን እንቆርጣለን ይላል። ቲቪውን ካቋረጥን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ያለን ኢንተርኔት ብቻ ነው። ቤዝመንቱን ስናከራይ የባለቤቴ ወንድም መስመር ዘርግቶ ነበር። ጣሪያ ላይ ደግሞ ለአገር ቤት ቻናል የሰቀልነው ዲሽ አለ። የሰረቅን መስሏቸው ይሆን? ለልጆቹ ጤናስ አያሰጋም? ኢንተርኔቱም ማታ ማታ ይቆራረጣል። ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) ብትገዙ ሁለቱም ይስተካከላል ያለን ሰው አለ።»

ምላሽ፦

ማንም በሌብነት አልጠረጠራችሁም። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ሽቦው ነው። ልጆቹንም አያሰጋም። ቡስተሩን ግን አይግዙ። ተገዝቶ ከሆነም አይሰኩት፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ። መስመሩን እንቆርጣለን ያሉት የምር ነው። ስለዚህ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ እንዳይረሳ።

«ቲቪ የለንም፣ ኢንተርኔት ብቻ ነው» የሚለው እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። ቲቪውም ኢንተርኔቱም የሚመጣው በዚያው በአንዱ ጥቁር ገመድ ነው። ቲቪውን ስታቋርጡ የቀረው ሂሳቡና ሳጥኑ ነው። ገመዱ ውስጥ ያለው ሲግናል ግን እስከ ግድግዳችሁ ድረስ መምጣቱን አላቆመም።

ገመዱን በምላጭ ቢቆርጡት መሃል ላይ አንድ ሽቦ ያያሉ። ዙሪያውን ነጭ ፕላስቲክ አለ። በላዩ ላይ እንደ ቸኮሌት መጠቅለያ ያለ ስስ ብር ወረቀት፣ ከዚያ የተጎነጎነ ቀጭን የሽቦ መረብ፣ በመጨረሻም ጥቁሩ ጎማ። ሲግናሉ የሚጓዘው በመሃሉ ሽቦና በመረቡ መካከል ነው። ብር ወረቀቱና መረቡ አጥር ናቸው። አጥሩ እስካልተከፈተ ድረስ ከውስጥ የሚወጣ፣ ከውጭ የሚገባ የለም። የላላ ኮኔክተር (የገመዱ ጫፍ መጋጠሚያ)፣ የተቀደደ መረብ፣ በምስማር የተወጋ ገመድ ካለ ግን አጥሩ እዚያ ላይ ተከፈተ ማለት ነው። ያ ቦታ ትንሽ አንቴና ይሆናል። ማፍሰስ የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ ትንሽ ሲግናል ቢያመልጥ ማን ይጎዳል? አውሮፕላን። በገመዱ ወደ ቤት የሚመጣው ሲግናል ከ54 እስከ 1000 ሜጋኸርዝ (የሞገድ ድግግሞሽ መለኪያ) ገደማ ይደርሳል። ውጭ አየር ላይ ግን እነዚህ ሞገዶች ባለቤት አላቸው። ከ108 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው የአቪዬሽን ነው። አብራሪው ከማማው ጋር የሚነጋገረው፣ ወደ ማረፊያው መሃል የሚመራውን ሲግናል የሚቀበለው በዚያ ውስጥ ነው። 121.5 የአደጋ ጥሪ ነው። ለማረፍ ሲወርድ የቁልቁለቱን ልክ የሚያሳየው ሲግናል ደግሞ 330 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። የኬብል ኩባንያዎች በእነዚህ ሞገዶች እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ሲግናሉ ከገመዱ አይወጣም በሚል ነው። እናንተ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ናችሁ። ሬገን ኤርፖርት አፍንጫችሁ ሥር ነው።

ኤፍሲሲ የሚባለው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለዚህ ልክ አስቀምጧል። በታችኛው ሞገድ፣ ከ54 እስከ 216 ሜጋኸርዝ ባለው፣ ከገመዱ 3 ሜትር ርቆ ሲለካ የሚያመልጠው ለአናሎግ ሲግናል ከ20፣ ለዲጂታል ከ17.4 ማይክሮቮልት በሜትር መብለጥ የለበትም። በአቪዬሽን ሞገዶች የሚጠቀሙ ኩባንያዎች መስመራቸውን ቢያንስ በየሦስት ወሩ እየዞሩ መፈተሽ አለባቸው። መኪናቸው ላይ መቀበያ ተገጥሟል። በሰፈራችሁ ሲያልፉ ጮኸ፤ ወርደው በእጅ መለኪያ ተከተሉት፤ እናንተ በር ላይ ቆመ። ደንቡ እንዲህ ያለ ፍሳሽ ሲገኝ እስኪስተካከል ድረስ የዚያን ቤት አገልግሎት ማቋረጥን ያዛል። ስለዚህ ወረቀቱን የሰቀለው ሰው ደንብ እያስከበረ ነው።

ማይክሮቮልት የቮልት አንድ ሚሊዮነኛ ነው። የጤናውን ጥያቄ ይህ ይመልሰዋል። ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ የሚለቀው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። አውሮፕላንን የሚያውከው ኃይሉ በዝቶ አይደለም። መቀበያው ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ድምፅ እንዲሰማ ተደርጎ ስለተሠራ ነው።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ። የተከፈተ አጥር በሁለቱም በኩል ክፍት ነው። ከቤታችሁ የሚወጣበት ቀዳዳ ከውጭም ያስገባል። የሞባይል ማማዎች 700 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራሉ፤ ገመዱም ውስጥ ያው ሞገድ አለ። የባሰው ግን ከእናንተ ወደ ኩባንያው የሚሄደው መስመር ነው። እሱ በብዙ ቦታ ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ ቦታ ይጓዛል። የሞተር፣ የርካሽ ቻርጀር፣ የአንዳንድ አምፖል ጫጫታ የሚበዛው እዚያ ነው። ከየቤቱ የገባው ጫጫታ ደግሞ ተጠራቅሞ በአንድ መስመር ይሄዳል። የእናንተ አንድ የላላ ኮኔክተር የጎረቤትንም ቪዲዮ ኮል ሊያቆራርጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብኝ። ማታ ማታ የሚደርሰው ሁሉ የሽቦ ችግር አይደለም። ማታ ሰፈሩ በሙሉ ፊልም ስለሚያይ መስመሩ ይጨናነቃል። ልዩነቱ እንዲህ ይታወቃል። መጨናነቅ ከሆነ ኢንተርኔቱ ይንቀረፈፋል እንጂ አይጠፋም። ሽቦ ከሆነ ድርግም ይላል፣ የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ ይመለሳል። ለማረጋገጥ ኮምፒውተሩ ላይ፣ የድረ ገጽ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ 192.168.100.1 ብለው ይጻፉ። አብዛኛው የኬብል ሞደም የሲግናል ሰሌዳውን ያሳያል። የሚመጣው ሲግናል በ-7 እና በ+7 መካከል ቢሆን መልካም ነው። ኤስኤንአር (SNR) የሚለው፣ ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየው፣ ከ33 በላይ ይሁን። ሞደሙ ወደ ላይ የሚልክበት ኃይል ከ50 ካለፈ እየጮኸ ነው ማለት ነው፤ የሚሰማው አጥቶ። ሊታረሙ ያልቻሉ ስህተቶች የሚለው ቁጥር በየሰዓቱ ከተቆለለ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። የዛሬውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ከጥገናው በኋላ ያስፈልግዎታል።

ቡስተሩን አይሰኩ ያልኩት ለዚህ ነው። ቡስተር ጫጫታና ሲግናል አይለይም። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ከውስጥ ኃይል ሲጨመር የሚያፈሰው ይበዛል። ብዙ ርካሽ ቡስተሮች ደግሞ ወደ ቤት የሚገባውን ብቻ ያሳልፋሉ፤ ሞደሙ የሚመልሰውን ይዘጋሉ። የቡስተር ፍላጎት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስፕሊተር (አንዱን ገመድ ለብዙ የሚያካፍል ዕቃ) ስለበዛ ነው። ሁለት መውጫ ያለው ስፕሊተር 3.5 ዴሲቤል ይወስዳል። ይህ ከግማሽ በላይ ነው። አራት መውጫ ያለው ወደ 7 ዴሲቤል ይወስዳል፤ እያንዳንዱ መውጫ የሚደርሰው ከገባው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። የማያስፈልገውን ስፕሊተር ማንሳት ራሱ በነፃ የተገኘ ቡስተር ነው።

በጻፉት ውስጥ ቶሎ ዓይኔ የገባው ቤዝመንቱና ዲሹ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ የአገራችን ሰው ቤት ሄጄ ነበር። መለኪያዬ ገና ከበር ይጮሃል። ቤዝመንት ወረድን። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከጤፍ ጆንያው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ወርቃማ ቀለም የተቀባ አራት መውጫ ያለው ስፕሊተር ተንጠልጥሏል። አንዱ ገመድ ወደ ሞደም ይሄዳል። ሁለተኛው ወደ ተከራዩ ክፍል ሄዶ ሶፋው ሥር በመቀስ ተቆርጦ ቀርቷል፤ የመሃሉ ሽቦ ራቁቱን ነው። ሦስተኛው ምንም የለበትም። አራተኛውን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። አቲኩ ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ የቲቪ አንቴና ላይ ታስሯል። ቤቱ የኬብሉን ሲግናል በአንቴና እያሰራጨ ነበር። ያቺን ገመድ ከስፕሊተሩ ሳላቅቃት መለኪያው ዝም ሊል ምንም አልቀረውም። የተቆረጠውን ስነቅል ጨርሶ ዝም አለ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ «ይኼን ሁሉ ያደረገችው እቺ ናት?» አለኝ። አዎ፣ እሷ ናት። አንድም ዕቃ አልተገዛም።

የእናንተም ቤት ከዚህ ብዙ አይርቅም ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ ገመዱ ከውጭ ከሚገባበት ይነሱና እስከ መጨረሻው ጫፍ በእጅዎ ይከተሉት። እያንዳንዱን ኮኔክተር በጣት ይንኩ። ከዞረ ልልነቱ ራሱ ፍሳሽ ነው። ከማገኛቸው ችግሮች በጣም የሚበዛው ይኼው ነው። በጣት እስኪቆም ያጥብቁት፤ ከዚያ ስፕሊተሩ ላይ በ7/16 ኢንች ቁልፍ፣ እኛ አገር 11 ቁልፍ በምንለው፣ የዙር አንድ ስድስተኛ ያህል ይጨምሩ። ሞደምና ቲቪ ላይ ግን በቁልፍ አይጨቁኑ። ውስጡ ከሰሌዳው ይነቀላል።

ቀጥሎ የኮኔክተሩን ዓይነት ይዩ። በእጅ እየተጠመዘዘ ገመዱ ላይ የሚገባ አለ። ከሃርድዌር ሱቅ ተገዝቶ «ራሴ ሠራሁት» ሲባል ብዙ ጊዜ እሱ ነው። መረቡን በደንብ አይዝም፤ ይንቀሉት። በፒንሳ ተጨፍልቆ ባለ ስድስት ጎን የሆነው የድሮ ሥራ ነው፤ በጊዜ ብዛት ይላላል። ሳይጠመዘዝ ተገፍቶ ብቻ የሚሰካውም አጥር የለውም በሉት። መሆን ያለበት ኮምፕረሽን የሚባለው ነው፤ በራሱ መሣሪያ ተገፍቶ ዙሪያውን እኩል የሚጨብጥ። ገመዱ ላይ የተጻፈውንም ያንብቡ። አርጂ 6 ከሆነ ይቆይ። አርጂ 59 ከሆነ ቀጭንና የድሮ ነው፤ መረቡም አብዛኛውን ጊዜ ሳሳ ያለ ነው። እሱን በአዲስ መለወጥ ይሻላል።

ኮኔክተር ራስዎ ይሠራሉ እንበል። ጫፉ ላይ 6 ሚሊሜትር ባዶ ሽቦ፣ ቀጥሎ 6 ሚሊሜትር ነጭ ፕላስቲክ ይኑር። ብር ወረቀቱ ፕላስቲኩ ላይ እንደተጣበቀ ይቅር። መረቡን ወደ ኋላ ጎማው ላይ ያጥፉት። አንዲት የመረቡ ፀጉር እንኳ የመሃሉን ሽቦ ከነካች መስመሩ ሾርት ያደርጋል። ኮኔክተሩን ነጩ ፕላስቲክ ከውስጥ ወለሉ ጋር እኩል እስኪሆን ይግፉ፣ ከዚያ ይጭመቁ። ጎተት ያድርጉት። ከወጣ አልተሠራም።

ገመዱ ራሱም ይታይ። በስቴፕል ተደቁሶ፣ በር ሥር ተረግጦ፣ ጥግ ላይ ተቆልምሞ ይሆናል። ከ7 ሴንቲሜትር በጠበበ ቅስት መታጠፍ የለበትም። ውጭ ያለውን ሽኮኮ ይበላዋል፤ በዚህ አካባቢ ይህ በየጊዜው የማየው ነው። ኮኔክተሩን ፈተው ውስጡ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካዩ ውኃ ገብቷል። እሱ ተጠርጎ አይድንም። እስከ ደህናው ድረስ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል።

የማይሠራበትን ገመድ ግድግዳ ላይ መክደን አይበቃም። መነሻው ላይ፣ ከስፕሊተሩ ይንቀሉት። ሲግናል የሌለበት ገመድ ሊያፈስ አይችልም። ባዶ የቀረውን መውጫ በ75 ኦም ክዳን ይዝጉ፤ ሳንቲሞች ነው ዋጋው።

ዲሹን በተመለከተ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር አለኝ። የዲሽ ገመድና የኬብል ገመድ በምንም መንገድ አይገናኙ፤ በስፕሊተርም፣ በግድግዳ ሶኬትም። ሪሲቨሩ ወደ ዲሹ በዚያው ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። ያ ቮልቴጅ ወደ ኬብሉ መስመር ከገባ ሞደሙን ሊያቃጥል ይችላል። ሲግናሉም ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ስለሆነ የኬብሉ ስፕሊተር በወጉ አያሳልፈውም። የባለቤትዎ ወንድም ከጣሪያ የመጣውን ገመድ ከሌላው ጋር አጣምሮት ከሆነ ዛሬውኑ ይለዩት፤ ሪሲቨሩን ከመብራት ነቅለው።

ሦስት ነገር አይንኩ። አንደኛ፣ ገመዱ ወደ ቤት በሚገባበት ላይ ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን የኧርዝ ሽቦ አይፍቱ። ለመብረቅና ለኤሌክትሪክ ብልሽት መከላከያ ነው። ኮኔክተር ሲነኩ ከነዘረዎት ወይም ብልጭታ ካዩ እጅዎን ያንሱ፣ ወዲያው ኩባንያው ጋር ይደውሉ። ያ የቤቱ መብራት መስመር ላይ ችግር ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪሻንም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ምሰሶ ላይ አይውጡ፣ ከቤት ውጭ ያለውን የኩባንያውን ሳጥን አይክፈቱ። ሦስተኛ፣ ዲሹ ከመብራት ሽቦ አጠገብ ከሆነ ጣሪያ ላይ አይውጡ።

ወሰኑም ይታወቅ። ለብቻው በቆመ ቤት ገመዱ ወደ ቤት ከሚገባበት በስተውጭ 12 ኢንች ገደማ ላይ ድንበሩ አለ። ከዚያ ወዲያ የኩባንያው ነው፤ መሬት ውስጥ የተቀበረውም የእነሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚሠሩት ያስከፍሉ እንደሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። በግድግዳ ውስጥ ያለ ገመድ ከተጎዳ ደግሞ ለመጠገን አይድከሙ። ተትቶ በሌላ መንገድ አዲስ ይሳባል።

ማፍሰሱ መቆሙን እርስዎ በቤትዎ ሊያረጋግጡ አይችሉም። ድሮ በአናሎግ ዘመን በትንሽ ሬዲዮ እየተከተሉ ማግኘት ይቻል ነበር። የአሁኑ ዲጂታል ሲግናል ሬዲዮ ላይ ተራ ሹክሹክታ ነው፤ ከሌላው ጫጫታ አይለይም። ባለሙያው ግን ለዚሁ የተሠራ መለኪያ አለው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ነገ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ይደውሉና ቀጠሮ ይያዙ። እስከዚያ ድረስ ቤዝመንቱን ያጽዱ። ለእናንተ የሚያስፈልገው ከውጭ በቀጥታ ወደ ሞደም የሚሄድ አንድ ገመድ ነው፤ ያለ ስፕሊተር። ተከራዩ ዋይፋዩን የሚጠቀም ከሆነ ለእሱም የተለየ ገመድ አያሻውም። የራሱ ኬብል ቲቪ ካለው ብቻ ሁለት መውጫ ያለው አንድ አዲስ ስፕሊተር ይቀመጥ፤ ከ5 እስከ 1000 ሜጋኸርዝ የሚል የተጻፈበት። የቀረው ሁሉ ይነቀል። ያልተመቸዎትን ኮኔክተር አይታገሉት፣ ለባለሙያው ይተዉለት።

ባለሙያው ሲመጣ ገና ምንም ሳይነካ ይለካ። ከዚያ የቤቱን ገመድ ከመግቢያው ላይ ነቅሎ እንደገና ይለካ። ዝም ካለ ችግሩ ውስጥ ነው። አሁንም ከጮኸ ከእነሱ በኩል ነው፤ እናንተን አይመለከትም። ሠርቶ ሲጨርስ ለሦስተኛ ጊዜ ለክቶ ቁጥሩን ያሳይዎ። የፍሳሹ መዝገብ መዘጋቱን ሳይነግርዎ አያሰናብቱት። ካልተዘጋ ሌላ ወረቀት ይሰቀልባችኋል። በሁለተኛው ቀን ማታ 192.168.100.1 ላይ ተመልሰው ካነሱት ፎቶ ጋር ያስተያዩ። ቁጥሮቹ ተስተካክለው ኢንተርኔቱ አሁንም የሚንቀረፈፍ ከሆነ ጉዳዩ የሰፈሩ መጨናነቅ ነው። ያንን ፎቶ ይዘው ይደውሉ።